ኤሌክትሮዱ ከጎን ሲቀጥን፣ ጭሱ ከላይ ሲያመልጥ፦ የአርክ ፈርነስ ችግርና መፍትሄ

አርክ ፈርነስ፣ ማለትም በኤሌክትሮድ (ከረንት በሚያስገባ ወፍራም የግራፋይት ዘንግ) ብረት የሚያቀልጥ ምድጃ ካላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ ለአንድ ነገር ነው። «ፈርነሱ ኤሌክትሮድ እየበላ አስቸገረን፣ ሌላ ብራንድ እንግዛ ወይ?» መልሴም ያው ነው፣ ብራንዱን ተዉትና ፈርነሱ ሲቀዘቅዝ ሜትር ይዛችሁ ክዳኑ ላይ ውጡ፣ ኤሌክትሮዱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ለኩ። ከላይ ጭስ ማምለጡና ኤሌክትሮዱ ከጎን መቅጠኑ ሁለት ችግር ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ቀዳዳ ነው፣ ሲሰፋ ጋዙ ወደ ውጪ ያመልጣል፣ ኤሌክትሮዱ ደግሞ በሚወጣው እሳትና በሚገባው አየር መሃል ቆሞ ይቃጠላል።

የማወራው ቁርጥራጭ ብረት ስለሚያቀልጡ ትናንሽ ፈርነሶች ነው፣ 5 ቶን 10 ቶን የሚይዙ፣ ሦስት ግራፋይት ኤሌክትሮድ ያላቸው። ኢንዳክሽን ፈርነስ (ብረቱን በማግኔታዊ ኃይል የሚያግለው) ያላችሁ ኤሌክትሮድ ስለሌላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ የጭሱን ክፍል ብቻ አንብቡ። ገልፍ ውስጥ ፌሮክሮም (የክሮምና የብረት ቅይጥ) ላይ የምትሠሩ ልጆች ስለ ሶደርበርግ ኤሌክትሮድ ስለምትጠይቁኝ እሱን ወደ መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ኤሌክትሮዱ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሲወጣ

ክላምፑ (ኤሌክትሮዱን ጨብጦ የሚይዘው) ጋ 300 ሚሊሜትር የሆነ ኤሌክትሮድ ጫፉ ጋ 200 ወይ ከዚያ በታች ሆኖ ይወጣል። ትንሽ መሾል ያለ ነው፣ ማንም አያመልጠውም። ግራፋይት አየር ካገኘ 500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መቃጠል ይጀምራል፣ 600ን ካለፈ በደንብ ነው የሚበላው፣ ፈርነሱ ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ ቀልቶ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ አየር ከሰጣችሁት ከሰል ነው፣ ያውም ውድ ከሰል።

መጀመሪያ የጫፍ መበላትና የጎን መበላትን ለዩ። የጫፉ ከከረንቱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ያውም በስኩዌር፣ ከረንቱን 10 በመቶ ከፍ ብታደርጉ የጫፉ ፍጆታ ወደ 21 በመቶ ይጨምራል። የጎኑ ግን ከሰዓትና ከአየር ጋር ነው። ከረንቱ እንደ ድሮው ሆኖ፣ ቻርጁም (በአንድ ዙር የሚቀልጠው ብረት) እንደ ድሮው ሰዓት እየፈጀ ፍጆታው ብቻ ከጨመረ የአየር ጉዳይ ነው በቃ። ከረንቱ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን የኤሌክትሮዱን አቅም እዩ፣ ለምሳሌ ተራው አርፒ ግሬድ (ለመደበኛ ፓወር የሚሠራው) 250 ሚሊሜትሩ በግምት ከ7,000 እስከ 10,000 አምፒር ነው የሚችለው፣ ከዚያ በላይ ስትነዱት ኤችፒ ግሬድ (ለከፍተኛ ፓወር የሚሠራው) ወይ ወፈር ያለ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፣ ያኔ የዲዛይን ለውጥ ነው፣ ከብራንድ ጋር አይገናኝም።

አሁን ቀዳዳውን እናስላው። ኤሌክትሮዱ 300፣ ቀዳዳው አዲስ እያለ 360 ቢሆን ዙሪያውን ያለው ክፍተት 311 ስኩዌር ሴንቲ ነው። ተበልቶ 420 ሲደርስ 679 ይሆናል። በዓይን ስታዩት በየጎኑ የሰፋው 3 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ «ይሄማ ምንም አይደል» ያስብላል፣ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሦስቱን ስትደምሩት 2,000 ስኩዌር ሴንቲ ያልፋል፣ ማለት ክዳኑ አናት ላይ 50 ሴንቲ ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ፣ የእንጀራ ምጣድ ለማከል ትንሽ የቀረው፣ ለእሳቱ ጭስ ማውጫ ሠራችሁለት ማለት ነው። ትኩሱ በዚያ ሲወጣ በስላግ በሩ (ከቀለጠው ብረት ላይ ቆሻሻው በሚወጣበት በር) በኩል ቀዝቃዛ አየር ይሳባል፣ የመብራት ቢሉም አብሮ ይወጣል።

መፍትሄው ዴልታውን ማለትም ሦስቱ ቀዳዳ ያለበትን የክዳኑን መሃል በሃይ አሉሚና ካስተብል (እሳት በሚችል፣ እንደ ኮንክሪት በሚሞላ ነገር) እንደገና መሙላት ነው። ከመሙላታችሁ በፊት ግን ኤሌክትሮዶቹን የያዙትን ክንዶች ከላይ እስከ ታች አውርዳችሁ በቱንቢ ሴንተራቸውን ለኩ፣ ክንዱ ዘንበል ካለ ኤሌክትሮዱ አዲሱን ቀዳዳ በአንድ ጎን እየፋቀ ወዲያው ያሰፋዋል፣ ከዛ «ካስተብሉ ፎርጅድ ነው» ይባላል። የስላግ በሩንም ናሙና ወስዳችሁ ዝጉት፣ ሲነድ ለማየት ከፍቶ የሚቆም ሰው በየሺፍቱ አይጠፋም።

ከዚያ በቀዳዳው ላይ የሚቀመጥ ቀለበትና ክፍተቱን የሚዘጋ ፓኪንግ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንድ ሥራ ላይ ልጆቹ ከጥቁር ብረት ሙሉ ክብ ቀለበት በይደው አስቀመጡ፣ የሚያምር ሥራ ነበር። ሁለተኛው ቻርጅ ላይ ቀልቶ ታየ። «ጋሼ እሳቱ እየደረሰበት ነው» አሉኝ። እሳት የደረሰበት ነገር የለም፣ በመሃሉ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር የሚያልፍበት የተዘጋ ብረት ራሱ ኢንዳክሽን ፈርነስ ሆኖ ነው የሚግለው። ስለዚህ ቀለበቱ ማግኔት የማይስበው ስቴንለስ ይሁን፣ 304 ወይ 316፣ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ በኢንሱሌሽን ይለያይ፣ ዙሩ እንዳይዘጋ። ፓኪንጉንም ግራፋይት ገመድ አታድርጉት፣ ከረንት ያሳልፋል፣ ከአንዱ ፌዝ (የመብራት መስመር) ወደ ክዳኑ፣ ከክዳኑ ወደ ሌላው ፌዝ ብልጭ ብልጭ ሲል ነው የምታገኙት። ሴራሚክ ፋይበር ገመድ ይበቃል። ፈርነሱ የድሮ ከሆነ የነበረው ፓኪንግ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ደረቁን አትቦጫጭቁት፣ አርጥባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ በላስቲክ አስራችሁ አስወግዱ።

ከክላምፑ ሥር ኤሌክትሮዱ ላይ ውሃ የሚረጭ ቀለበት ካላችሁ የጎኑን መበላት በጣም ይቀንሳል፣ ግን ውሃው በኤሌክትሮዱ ላይ ወርዶ ክዳኑ ጋ ሳይደርስ ተኖ ማለቅ አለበት። ክዳኑ ላይ እየተንጠባጠበ ከሆነ በዝቷል፣ ቀንሱት።

የጭሱን ቀለም እዩ

ነጭ ወፍራም ጭስ ዚንክ ነው። የእኛ አገር ቁርጥራጭ ውስጥ የጣራ ቆርቆሮ አይጠፋም፣ ቆርቆሮው ደግሞ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ብረቱ ገና 1,500 አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ተን ሆኖ ይወጣና አየር ሲያገኝ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያንን የተነፈሰ ሰው ሥራ ላይ ደህና ውሎ ማታ ያንቀጠቅጠዋል፣ ወባ ይመስላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። በያጆች ወተት ጠጡ ሲሉ ሰምታችኋል፣ እኔም ጠጥቻለሁ፣ ግን ወተት የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ። ቆርቆሮውን አንድ ባስኬት (ቁርጥራጩ ወደ ፈርነሱ የሚገባበት ቅርጫት) ላይ አታከማቹት፣ ለብዙ ቻርጅ ከፋፍሉት፣ ማራገቢያው በደንብ በሚስብበት ሰዓት አስገቡት።

ቡናማ ቀላ ያለ ከሆነ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ኦክስጅን ስትነፉ ይበዛል። ጥቁር ከሆነ ዘይት፣ ጎማ፣ ላስቲክ ነው፣ ቁርጥራጩን የሚመርጠውን ሰው አናግሩ።

ቀዳዳው ጋ ሰማያዊ ነበልባል ካያችሁ ካርቦን ሞኖክሳይድ እየነደደ ነው፣ እየነደደ እያለ ይሻላል እንዲያውም፣ የሚያስፈራው ሳይነድ ሲወጣ ነው። ጠረን የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ ሰው የሚሞትበት ጋዝ ራሱ ነው። ከአየር ጋር ከ12.5 እስከ 74 በመቶ ሲደባለቅ ደግሞ ይፈነዳል። ኤሌክትሮድ ሊቀጥል ክዳኑ ላይ የሚወጣ ሰው ደረቱ ላይ ዲቴክተር ይሰካ፣ ብቻውን አይውጣ። ራስ ምታት ከጀመረው ወዲያው ይውረድ፣ «ይቺን ላጥብቅና» የለም።

ኤሌክትሮዱ ሲሰበር

የት ጋ እንደተሰበረ ንገሩኝና ምክንያቱን ልንገራችሁ። መጋጠሚያው ጋ ከሆነ አገጣጠሙ ነው፣ ጥርሱ ውስጥ አቧራ ቀርቷል ወይ አልጠበቀም። በደረቅ አየር ንፉት፣ ግሪስ አትቀቡ፣ አምራቹ በሰጠው ቶርክ አጥብቁ፣ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መሃል ክፍተት ከታየ ፍቱና እንደገና። ደህና ጠብቆም እየላላ የሚያስቸግር ከሆነ በቅርቡ የትራንስፎርመር ኬብል ፈታችሁ ነበር ወይ? የፌዝ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ማግኔታዊው ኃይል መጋጠሚያውን ወደ መፍታት በኩል ይገፋዋል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም።

ክላምፑ ጋ ከተሰነጠቀ መጋጠሚያው ላይ ነክሳችሁት ነው፣ ክላምፕ መጋጠሚያ ላይ በፍጹም አያርፍም። ዙሪያውን ቀልጦ የተበሳሳ ነገር ካለው ደግሞ የክላምፑ መዳብ ቆሽሿል፣ አጽዱት፣ ስፕሪንጉንም እዩ። ማቅለጥ ሲጀመር ታች ከተሰበረ ቁርጥራጩ ውስጥ ኮንክሪት ወይ እንጨት ወይ አፈር አለ፣ ኤሌክትሮዱ ከረንት የማያሳልፍ ነገር ላይ ሲደርስ አውቶማቲኩ አርክ የለም ብሎ ዝም ብሎ ወደ ታች ይጫናል። ከባዱን ከላይ ጭናችሁ ከሆነ ደግሞ ተንዶ ይመታዋል፣ ከባዱ መሃል፣ ቀላሉ ከሥርና ከላይ ይሁን።

የተሰበረውን ሳታወጡ ማቅለጥ ከቀጠላችሁ ላብራቶሪው ካርቦን ከፍ አለ ይላችኋል። 30 ኪሎ ቁራጭ 5 ቶን ብረት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ ካርቦኑን 0.6 በመቶ ያሳድጋል፣ ከዚያ የሚወጣው ቢሌት (ረጅሙ ጥሬ ብረት) ለፌሮ አይሆንም።

መብራት ሲሄድ

ይሄ የእኛ ነው። መብራት ጠፋ፣ ኤሌክትሮዶቹ ብረቱ ውስጥ እንደገቡ ቀሩ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ ያለው ጋዝ ሁሉ በቀዳዳዎቹ ወጣ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ኤሌክትሮዶቹን ማንሳት የምትችሉበት ነገር ከሌላችሁ፣ ግፊት ያጠራቀመ አኩሙሌተር ይሁን የእጅ ዊንች ይሁን ትንሽ ጄኔሬተር፣ ቆይቶ ብረቱ ይጨብጣቸዋል፣ መብራት መጥቶ ስታነሱ ጫፉ እዚያው ይቀራል። ሰው ከክዳኑ ላይ ይውረድ። የማቀዝቀዣ ውሃው ፓምፕ በጄኔሬተር ላይ ይሁን፣ ቆሞ የነበረ ፓምፕ ደግሞ በጋለ ፓናል (ውሃ የሚያቀዘቅዘው የፈርነሱ ግድግዳ) ላይ በድንገት አይከፈት፣ ውሃው ተን ሆኖ ይፈነዳል።

ውሃ ካልኩ አይቀር፣ አሜሪካ ኬንተኪ ሉዊቪል ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2011 ካልሲየም ካርባይድ የሚያመርት ፈርነስ ከውስጥ ገንፍሎ ሁለት ሠራተኛ ሞተ፣ የአገሪቱ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ መርምሮ ከክዳኑ ያፈሰሰ ውሃ ነው ወደሚል ነው የደረሰው። የሞቱት ሰዎች የነበሩት ከፈርነሱ 4 ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ ያለ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ክዳኑ ትንሽ ያንጠባጥባል፣ እስከ እሑድ ይድረስ የምትሉ ይሄን አስቡ። የሚያንጠባጥብ ክዳን ካለ መጀመሪያ ፓወር፣ ቀጥሎ ሰው ማራቅ፣ ቀጥሎ ውሃውን መዝጋት፣ ብረቱ ላይ የተኛ ውሃ ካያችሁ እስኪተን ፈርነሱን አታወዛውዙት።

ሶደርበርግ ላይ ላላችሁ

ሶደርበርግ የሚባል ሰው ከ100 ዓመት በፊት ኤልኬም በተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ውስጥ ያመጣው ኤሌክትሮድ ማለት የቆርቆሮ ካሲንግ (ሽፋን) ውስጥ የካርቦን ፔስት እየጨመራችሁ ራሱ ፈርነሱ የሚጋግረው ነው። ከክላምፑ ሥር ጥቁር የሬንጅ ጭስ ከወጣ ፔስቱ ሳይበስል ወርዷል፣ 450 እና 500 ዲግሪ መሃል ነው የሚበስለው፣ ከዚያ ቀድማችሁ ስሊፕ ካደረጋችሁ (ኤሌክትሮዱን በክላምፑ ውስጥ ወደ ታች ከለቀቃችሁ) ጥሬው ካሲንጉን ቀዶ ይፈሳል። ፓወር ቁረጡ፣ ሰው አርቁ፣ ከዚያ በኋላ ስሊፑን በትንሽ በትንሹና በተደጋጋሚ አድርጉት እንጂ አንድ ሺፍት ሙሉ ረስታችሁ በአንዴ አትልቀቁት። ከረጅም ማቆም በኋላ በተጋገረው ጠንካራ በኩል ከተሰነጠቀ ደግሞ ከረንቱን ቶሎ አሳድጋችሁበታል፣ ቀስ ብሎ መሞቅ ይፈልጋል።

ፈርነሳችሁ ዝግ ሆኖ በኤሌክትሮዱ ዙሪያ ያለው መዝጊያ (ሲል) በየጊዜው ፓኪንጉ እየተቀደደ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ ወደ መዝጊያው የሚነፋውን ናይትሮጅን ከመጨመራችሁ በፊት የካሲንጉን ብየዳ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ላይ መድረኩ ላይ ገና ቀዝቃዛ እያለ። ብየዳው አብጦ ከቀረ በወረደ ቁጥር ፓኪንጉን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው። በያጁ ጨርሶ ሲወርድ ግራይንደር የያዘ ሰው ወጥቶ ከቆርቆሮው ጋር እኩል ያድርገው፣ ያን ጊዜ ነው አዲስ ፓኪንግ የምታስገቡት።