በታኅሣሥ ውርጭ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር በብስክሌት

ታኅሣሥ ሲገባ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ሜዳ ነጭ ሆኖ ያድራል። አመዳይ ነው። የታጨደው የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካቡ፣ የገለባው ክምር ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ ብስክሌት መንዳት አብልጬ የምወደውም በዚህ ወር ነው። ሰው "በዚህ ብርድ?" ይለኛል። አዎ፣ በዚህ ብርድ። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

የምመርጠው መንገድ በጉዶ በረት በኩል ጣርማ በር የሚያወጣው ነው። ደርሶ መልሱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ከዚያ በኩል የመጡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ።

ዋናው ጉዳይ ልብስ ነው። ብርዱ የሚገባው በላብ በኩል ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ከጥጥ ቲሸርት ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቤ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ በላብ ራስኩ። ጉዶ በረት ሻይ ልጠጣ ስቆም ነፋሱ አገኘኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ጣቶቼ ፍሬን መያዝ አቃታቸው። አንድ አባት እሳት ዳር አስቀመጡኝና ጋቢያቸውን አነሱ። ከማልበሳቸው በፊት ግን "ልጄ፣ መጀመሪያ እርጥቡን አውልቀው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ገላዬ ላይ የሚውለው ስስ የስፖርት ማሊያ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። ከላዩ ስስ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ስነሳ ትንሽ ሊበርደኝ ይገባል። ካልበረደኝ አብዝቼ ለብሻለሁ ማለት ነው። ዳገት ልጀምር ስል ጃኬቱን አወልቃለሁ፤ ቁልቁለት ልጀምር ስል እለብሳለሁ። ላብ እስኪመጣ ወይም ብርድ እስኪሰማ አይጠበቅም። ቁልቁለት ላይ ደረቴ ላይ የታጠፈ ጋዜጣ አስገባለሁ፤ ነፋስ በመከልከል የሚያክለው የለም። ሌላ ደረቅ ማሊያ ደግሞ በፌስታል ቋጥሬ እይዛለሁ።

እጅና እግር ቀድመው ነው የሚደነዝዙት። እዚህ ገበያ የሚሸጠው በእጅ የተሠራ የበግ ጠጉር ካልሲ ከብዙ ጓንት ይበልጣል፤ እኔ ጓንቴ ላይ እደርበዋለሁ። ጫማው ግን አይጥበብ። ደም ካልተዘዋወረ ሦስት ካልሲ ቢደረብም እግር አይሞቅም። ከንፈርና አፍንጫ ላይ ቫዝሊን ተቀቡ፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ራሷ ታቃጥላለች።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሌሊት አትነሱ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሁሉ ስለሚያጣ ብርዱ የሚብሰው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ እነሳለሁ። ያኔ አመዳዩ ገና አልቀለጠም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሜዳው ያብረቀርቃል። ያንን ለማየት ነው የምወጣው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ወንዝ ዳር ስትደርሱ ብርዱ በአንዴ ይጨምራል። ድልድይ ላይ አስፋልቱ ሊያሟልጭ ይችላል፤ ፍሬኑን ከመድረሳችሁ በፊት ያዙና ድልድዩን ዝም ብላችሁ እለፉ።

ለምግብ በሶ በማር ለውሼ እንደ ኳስ አድቦልቡዬ እይዛለሁ፤ ቆሎ ደግሞ ኪሴ ውስጥ። በብርድ ውሃ ስለማይጠማ መጠጣቱ ይረሳል፤ ሰውነት ግን በትንፋሽም ይደርቃል። እኔ ሞቅ ያለ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ በየግማሽ ሰዓቱ እጎነጫለሁ። ካላማዳሪና መንፊያ አይረሱ፤ በደነዘዘ ጣት ጎማ መፍታት ከባድ ስለሆነ ቤት ውስጥ ተለማመዱ።

የእረኛ ውሾች ሲመጡ አትሩጡ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። እረኛው ይጠራዋል። ሰላምታ ስጡት፤ ሌሊቱን እሱም በብርድ ነው ያነጋው። ተሳቢ መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ዳር ይዛችሁ መሪውን ጠበቅ አድርጉ፣ ነፋሱ ይገፋል።

ጣርማ በር ስትደርሱ ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ቆላውን ተመልከቱ። እናንተ ሹራብ ለብሳችሁ፣ እታች ያለው አገር በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኗል። ከማየታችሁ በፊት ግን እርጥቡን ማሊያ ቀይሩ። እኔ 5 ሰዓት ላይ ፊቴን እመልሳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ያን ጊዜ ከኋላዬ ነው።