ባሮ ሽንኩርትን ከዘር ጀምሮ በጓሮ እንዴት ማልማት ይቻላል

የባሮ ሽንኩርት ነጩ ክፍል በራሱ ነጭ ሆኖ አያድግም። ነጭ የሚሆነው ፀሐይ ስላላየው ነው። ይህን የያዘ ሰው ከሥራው ዋናውን አውቆታል። ከጉልት የምገዛው ባሮ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ረጅም፣ ነጩ ደግሞ ከሦስት ጣት የማያልፍ ነው። በጓሮ ግን አንድ ስንዝር ነጭ ያለው ባሮ ማውጣት ይቻላል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ ከዘር እስከ ድስት ሰባት ወር ገደማ ይፈጃል።

የምጽፈው አዲስ አበባን ለመሰለ ደጋና ወይና ደጋ አየር ነው። ባሮ ብርድ ይስማማዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቲማቲሙንና ድንቹን ሲያቃጥል ባሮ እንዳለ ይቆማል።

መቼ ይዘራል?

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ሚያዝያ ላይ ዘርቶ ሰኔ መጨረሻ መትከል ነው፤ ክረምቱ ያጠጣልዎታል። ሁለተኛው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዘርቶ መስከረም መጨረሻ መትከል ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ባሮ የሚተከለው ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ፣ በተለይ ዋልካ አፈር ላይ፣ የሐምሌ ዝናብ ጉድጓዱን በአንድ ሌሊት በጭቃ ይደፍነዋል። ለጋው ችግኝም እዚያው ታፍኖ ይቀራል። መስከረም መጨረሻ ላይ አፈሩ እንደረጠበ ነው፣ ዝናቡ ግን ቀንሷል። ምርቱም የካቲት ላይ ስለሚደርስ ለዐቢይ ጾም ሾርባ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ከጥቅምት በኋላ ውሃ በእጅ ማጠጣት ግድ መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በርሜል ይዘጋጅ።

ዘሩን ሳይፈትኑ አይዝሩ

የባሮ ዘር ጥቁርና ባለ ማዕዘን ነው። ከጥቁር አዝሙድ ጋር ቢደባለቅ መለየት ያስቸግራል። ትልቁ ችግሩ ቶሎ መሞቱ ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው ብዙው አይበቅልም፤ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። እኔ አንድ ዓመት ከአንድ ሱቅ ተቆንጥሮ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ገዛሁ። ቀን አልተጻፈበትም። አንድ ወር ሙሉ ባዶ አፈር ሳጠጣ ቆየሁና በመጨረሻ የበቀለው አሥር እንኳ አልሞላም። የመትከያው ጊዜም አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ የታሸገና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ካልሆነ አልገዛም።

ያለዎትን ዘር መፈተን ቀላል ነው። ሶፍት ያርጥቡ፣ 20 ዘር ይበትኑበት፣ አጥፈው በፌስታል ይክተቱት፣ ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ሶፍቱ እንዳይደርቅ እያዩ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። 15 እና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ አሪፍ ዘር ነው። ከ10 በታች ከሆነ ሌላ ይግዙ።

ችግኝ ማፍላት

አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ለሆነ መደብ 40 ያህል ችግኝ ይበቃል። ስለዚህ 60 ወይም 70 ዘር ይዝሩ። የዘይት ጄሪካን በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ታቹ ከተበሳ ጥሩ ማፍያ ይሆናል። ግማሽ አፈር፣ ግማሽ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ደባልቀው ይሙሉት። አፈሩ ከባድ ከሆነ ትንሽ አሸዋ ይጨመርበት።

በጣትዎ 1 ሳንቲሜትር የሚሆን ትልም ያውጡ፣ ዘሩን አንድ አንድ ጣት እያራራቁ ይዝሩ፣ አልብሰው ቀስ አድርገው ያጠጡ። ክረምት ስለሆነ በረንዳ ሥር ወይም ዝናብ በማይመታበት ቦታ ይቀመጥ። ላዩን በደረቅ ሣር መሸፈን ይቻላል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ግን በዚያው ቀን ይነሣ።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። አወጣጡን ጎንበስ ብለው ይዩት። እንደ ስንዴ ቀጥ ብሎ አይመጣም። ከአፈሩ ቀድሞ የሚወጣው ጉልበቱ ነው፤ ሁለት ጫፉ አፈር ውስጥ የተቀበረ አረንጓዴ ቀለበት ይመስላል። ከጥቂት ቀን በኋላ አንዱ ጫፍ ተመዝዞ ይወጣና ቀና ይላል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ጥቁሩን የዘር ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍቶ ይታያል። ላግዘው ብለው ቅርፊቱን አይንቀሉት፤ አብሮ ይበጠሳል።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ሰው ተስፋ የሚቆርጥባቸው ናቸው። ችግኙ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ያደገም አይመስልም። አረሙን ይንቀሉለት፣ አፈሩ አይድረቅ፣ ፀሐይ ያግኝ። ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።

መትከል

ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስና ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ሲሆን ጊዜው ደርሷል። ይህም ከተዘራ 10 ሳምንት አካባቢ ነው። ቀጭን ከሆነ አይቸኩሉ።

መደቡ ከዚያ በፊት ይዘጋጅ። አንድ አካፋ ያህል ጠልቆ ይቆፈር፣ ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ ይቀላቀል። ትኩስ ፍግ አይሁን። ቀይ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት የተነሣበት ቦታ ላይም አይትከሉ። በተለይ ነጭ ሽንኩርትዎ ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አውጥቶ በስብሶ ከነበረ ያንን ቦታ ይርሱት፤ በሽታው አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል።

አሁን የመጥረጊያ እንጨት ያምጡ። ከጫፉ 15 ሳንቲሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉበት። እርጥብ አፈር ላይ እስከ ምልክቱ ይውጉት፣ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዙትና ይንቀሉት። ንጹሕ ጉድጓድ ይቀራል። በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል 15፣ በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲሜትር ይተዉ። ከችግኙ ሥር በጣም የረዘመውን በመቀስ አሳጥረው አንድ አንድ ችግኝ ይጣሉበት። ሥሩ ወደ ላይ ታጥፎ እንዳይቀር ትንሽ ነቅነቅ ያድርጉት። ቅጠሉንም የሚቆርጡ አሉ፤ እኔ ጥቅሙን ስላላየሁ ትቼዋለሁ።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጉድጓዱን በአፈር አይሙሉት፣ በእጅም አይጠቅጥቁት። ውሃ ብቻ ይሙሉበት። ውሃው ትንሽ አፈር ይዞ ይወርድና ሥሩን ያለብሰዋል። የቀረው ክፍት ቦታ ባሮው እየወፈረ ሲሄድ ራሱ ይሞላዋል። ችግኙ በመጀመሪያው ቀን ጫፉ ብቻ ይታያል፤ አይደንግጡ።

ማስታቀፍና መንከባከብ

ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ይጠጣ፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ከተተከለ ከስድስት ሳምንት በኋላ በፍግ ውሃ ወይም ለካሬ ሜትር በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ያጠናክሩት። ዩሪያው ቅጠሉን አይንካ፤ ወዲያው ውሃ ይከተለው።

ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ አፈር ያስታቅፉት፤ ማለትም ነጩ ፀሐይ እንዳያይ ግንዱ ዙሪያ አፈር ይከምሩበት። በአንድ ጊዜ ሦስት ጣት ያህል ይበቃል። ወሰኑ ቅጠሎቹ የሚከፈሉበት ቦታ ነው። ከዚያ ካለፈ አፈሩ በቅጠሎቹ መካከል ይገባና ሲበላ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ንጹሕ ነጭ የሚፈልግ ሰው ግንዱን መጀመሪያ በካርቶን ጠቅልሎ አፈሩን ከውጭ ያስታቅፈው። እኔ እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ አጠባው በጣም ቀሎልኛል።

ችግኙ ጠዋት ተቆርጦ ወድቆ ካገኙት ቆራጭ ትል ነው። ከሥሩ አጠገብ አፈሩን ጫር ጫር ያድርጉ፤ ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኙታል። በደረቁ ወራት ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ከታየ ትሪፕስ የሚባሉ በጣም ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ በውሃ ጠንከር አድርጎ ማጠብ ይቀንሳቸዋል። ብርቱካናማ ዱቄት የመሰለ ዋግ የያዘውን ቅጠል ቆርጠው ከጓሮው ያውጡት።

ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ አምስት ባሮ መትከል ይችላል። አፈሩን መጀመሪያ ከግማሽ ትንሽ አሳልፎ መሙላት፣ ባሮው ሲያድግ መጨመር ነው።

መንቀል

ግንዱ የአውራ ጣት ውፍረት ካለፈ ይበላል። ሁሉንም ባንድ ቀን መንቀል አያስፈልግም፤ ለዕለቱ የሚበቃውን አውጥቶ ሌላውን መተው ይቻላል። የአበባ ዘንግ ያወጣ ካለ ግን ቀድሞ ይነቀል፤ መሐሉ እንጨት ይሆናል። በቅጠሉ ይዘው አይሳቡት፣ ይበጠሳል። አካፋውን ከጎኑ አስገብተው ከሥር ከፍ ያድርጉት።

ለማጠብ ከነጩ መሐል ጀምረው እስከ ቅጠሉ በቢላ በቁመቱ ይሰንጥቁት፣ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ በሚፈስ ውሃ ያጥቡት። ነጩ ስስ ተከትፎ በዘይት ለስለስ ካለ በኋላ ድንችና ካሮት ይጨመርበታል። ጠንካራውን አረንጓዴ ቅጠልም አይጣሉት፤ ታጥቦ ከሾርባው ጋር ይቀቀልና ከመቅረቡ በፊት ይወጣል።