የሞተር ዘይት ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚጓዝ መኪና ከከተማው እንደወጣ ጠመዝማዛው የደንገጎ ዳገት ይጠብቀዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሙቀት ተነስቶ በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ በኃይል ይዞራል፤ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ጥቂት ነው። በሜዳ ላይ ተደብቆ የቆየ የዘይት ችግር ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ወይም ብልጭ ድርግም ሲል

ይህ መብራት የሚያመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ብዙ ሞተር ተቃጥሏል፤ መብራቱ እስካልበራ ድረስ ዘይቱ ሙሉ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ መብራቱን በሚያይበት ጊዜ ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከወረደ ቆይቷልና። ዘይት ያነሰው መኪና ኩርባ ሲዞር ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፤ በዚህም ምክንያት መብራቱ መጀመሪያ ኩርባ ላይ ብቻ ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ጠፋ ብለው አይለፉት።

መፍትሄው በተቻለ መጠን ሜዳ በሆነ ቦታ ጥግ ይዞ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉት፤ መልሰው እስከ መጨረሻው ካስገቡት በኋላ እንደገና አውጥተው ያንብቡ። በብዙ አነስተኛ መኪኖች በዘንጉ ላይ ባሉት ዝቅተኛና ከፍተኛ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ይለኩ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ታች የሚሽከረከረው ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ስለሚያደርገው መብዛቱም እንደ ማነሱ ይጎዳል።

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ከበራ፣ መንስኤው የተበላሸ ሴንሰር (የዘይቱን ግፊት የሚያውቀው ክፍል)፣ የቀጠነ ዘይት፣ የደከመ ፓምፕ ወይም የተበላ የሞተር ውስጣዊ ክፍል ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ሴንሰሩን ነቅሎ በቦታው የግፊት መለኪያ እንዲያስር ይጠይቁት፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ብቻ ከሆነ ሞተሩ ሳይነካ ነገሩ ያበቃል።

በእኛ አካባቢ «ሙቀት ነውና ወፍራም ዘይት ይሻላል» የሚል እምነት አለ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዘይት ዕቃው ላይ በሚገኘው «20 ደብሊው 50» በሚለው ጽሑፍ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስስ፣ የኋለኛው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለውን ውፍረት ያሳያል። በሐረር ታክሲ ሆኖ ለረጅም ዘመን ያገለገለውን ፔዦ 404 የሚስማማው ወፍራም ዘይት፣ ክፍተቶቹ ጠባብ በሆኑበት አዲስ ሞተር ውስጥ ግን ሞተሩ ሲነሳ ወደ ክፍሎቹ ቶሎ አይደርስም። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ፣ አንዳንዴም በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ተጽፏል።

ዘይቱ በየጊዜው ሲጎድል

ወይ ይፈሳል፣ ወይ ይቃጠላል። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው ጠዋት ይመልከቱ፤ ጠብታ ካለ የተላላ ቡሎን ወይም ያረጀ ጓርኒሲዮን (በሁለት የሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ይፈለጋል። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይቱ እየተቃጠለ ነው። ጭሱ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎች (ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳይወርድ የሚያሽጉት)፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚበዛ ከሆነ ደግሞ የፒስተን ፋሻዎች (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት የብረት ቀለበቶች) ይጠረጠራሉ።

ቀለሙ ሲለወጥ

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት ቶሎ መጥቆሩ ጥላሸቱን በራሱ ላይ ስለያዘ ነውና አያስደነግጥም። የሚያስፈራው ወተት የገባበት ቡና መምሰሉ ነው። የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ መኪናው እየተነዳ ሳይሆን ተጎትቶ ጋራዥ መድረስ አለበት። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ነዳጅ ስለተቀላቀለበት፣ ቀድሞ የነዳጁ ችግር ይስተካከል፤ ከዚያም ዘይቱ ይቀየር።

ዘይቱ ጊዜው ሳይደርስ ሲበላሽ

አቧራ፣ ሙቀት፣ ዳገትና አጭር ምልልስ በአብዛኞቹ መመሪያ መጻሕፍት «ከባድ አጠቃቀም» ይባላሉ፤ ድሬዳዋ ደግሞ ሁሉንም አጣምራ ይዛለች። በዚህ ሁኔታ መጽሐፉ 10,000 ኪሎ ሜትር ያለውን በ5,000 መቀየር ተገቢ ነው። የአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው) ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልገጠመ ግን አሸዋማው አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ስለሚሞርድ፣ ዘይት መቀየር ብቻውን አያድንም።

ከተቀየረ በኋላ ሲፈስስ

ይህ በራሴ መኪና ደርሷል። አዲሱ የዘይት ፊልትሮ ታስሮ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በጎኑ ይንቆረቆር ጀመር። ሲፈታ የአሮጌው ፊልትሮ ጥቁር የጎማ ቀለበት ከሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አዲሱ በላዩ ላይ መታሰሩ ታየ፤ ሁለት ጎማ በተደራረበበት ዘይት አይያዝም። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎማው አብሮት መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ፤ አዲሱን ጎማ ዘይት ቀብተው ፊልትሮውን በእጅ ያጥብቁት። ከዚያ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል አስነስተው በሥሩ ይመልከቱ፤ አጥፍተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ዘይቱን እንደገና ይለኩ፤ አዲሱ ፊልትሮ የጠጣው ስለሚጎድል ያንኑ ይሙሉ።