መነጽሩ ሲሸፈን፦ ታጣፊ የመጠባበቂያ ማነጣጠሪያ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይስተካከላል?

በክረምት ማለዳ ሱሉልታ ላይ ጉሙ ቶሎ አይነሳም። በዚያ ብርድ የራስ ትንፋሽ እንኳ ጠመንጃ ላይ የሚታሰረውን የማነጣጠሪያ መነጽር መስታወት ያደበዝዘዋል፤ ካፊያ ሲጨመርበት ደግሞ በመነጽሩ ውስጥ የሚያበራው የማነጣጠሪያ ቀይ ነጥብ የት እንዳለ ይጠፋል። ባትሪ ሲያልቅም ያው ነው። ታጣፊ የብረት ማነጣጠሪያ የሚፈለገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፦ ሌላ ጊዜ ጠመንጃው ላይ ተኝቶ ይቆያል፣ ሲፈለግ ብድግ ይላል።

ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት የያዛችሁትን ጠመንጃ እዩ። ክላሽ ከሆነ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ክላሽ የራሱ ቋሚ ማነጣጠሪያ አለው፤ እሱን በደንብ ማስተካከል ይበቃል። ገበያ ላይ ያሉት ታጣፊዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለኤአር ዓይነት (እንደ ኤም 16 ላለ) ጠመንጃ ቁመት፣ ፒካቲኒ በሚባለው ጥርሳም ሐዲድ ላይ እንዲታሰሩ ነው። ፈቃድ ነገርም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነውና፣ መለዋወጫም ቢሆን ፈቃድ የሰጣችሁን አካል ሳትጠይቁ አትግዙ።

አመራረጥ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቁመት ላይ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ አምጡና ከኋላው ሐዲድ እስከ ፊተኛው ድረስ አጋድሙት። ሁለቱንም እኩል ከነካ መደበኛውን ጥንድ ግዙ። ፊተኛው ሐዲድ ዝቅ ብሎ በማስመሪያው ሥር ክፍተት ከታየ፣ ለዚያ ቦታ ተብሎ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የፊት ማነጣጠሪያ ያስፈልጋችኋል። ይህን ሳያይ የገዛ ሰው የፊተኛውን እንጨት፣ ማለትም የቆመችውን ቀጭን ዘንግ፣ የቱንም ያህል ቢያሽከረክረው ጥይቱ ከዒላማው በላይ እየሄደ ያስቸግረዋል።

ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ብረት? ፕላስቲኩ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለብዙ ሰው በቂው ነው። ነገር ግን በአፈሙዙ በኩል በሚግለው የጋዝ ክፍል ላይ አይታሰርም፤ እዚያ ብረት ብቻ። ስትገዙ አቁሙትና በጣታችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። የሚላወስ ከሆነ መልሱለት። ሲታጠፍና ሲቃና ሁልጊዜ እዚያው ቦታ የማይመለስ ማነጣጠሪያ ጌጥ ነው።

የሚያጎላ ትልቅ መነጽር ያላችሁ ደግሞ ከሥሩ የተኛው ታጣፊ አያገለግላችሁም፤ መነጽሩ ይከልለዋል። ወይ መነጽሩ ቶሎ የሚነቀል ማሰሪያ ይኑረው፣ ወይ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያዘነበለውን ዓይነት ግዙ።

አገጣጠም

ካዝናውን አውጡ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ የኋላውን በተቻለ መጠን ወደ ኋላ፣ የፊተኛውን ወደ አፈሙዙ አርቃችሁ እሰሩ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በሁለቱ መካከል 50 ሳንቲሜትር ካለ፣ በዓይናችሁ የሠራችሁት የ1 ሚሊሜትር ስህተት 100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል። ርቀቱ 25 ሳንቲሜትር ቢሆን ያው ስህተት 40 ይደርሳል። ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ማነጣጠሪያውን በጥርሱ ውስጥ ወደ ፊት ገፋ አድርጉት፤ በተኩስ ብዛት እንዳይንሸራተት ነው። ካጠበቃችሁ በኋላ ከብሎኑ እስከ ማሰሪያው ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይነግራችኋል።

ማስተካከል

ሱሉልታም ሆነ ሰንዳፋ፣ ሜዳው ባዶ ይመስላል። ግን እረኛ አለ፣ ጎንበስ ብላ ኩበት የምትለቅም ሴት አለች፤ ጥይት ደግሞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የአፈር ግንብ ባለው በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ብቻ ተኩሱ።

በ25 ሜትር ጀምሩ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፉና ሦስት ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ ተኩሱ። የምትመለከቱት የሦስቱን መሐል ነው፤ አንዷ ስላፈነገጠች ብቻ ብሎን አትንኩ። ጥይቱ ወደ ግራ ከሄደ የኋላውን ወደ ቀኝ ውሰዱት። የፊተኛው ግን ግልባጭ ነው፦ ጥይቱ ከፍ ካለ እንጨቱን ከፍ፣ ዝቅ ካለ ዝቅ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገርና ግማሽ ቀን ጥይት ያባክናል። አንድ ጡረታ የወጡ አስተኳሽ ጋሼ፣ እኔም ስደናገር አይተው «ልጄ፣ የፊተኛውን ስህተቱ ወደሄደበት ላከው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

25 ሜትር ላይ 1 ሳንቲሜትር ማለት 100 ሜትር ላይ 4 ሳንቲሜትር ነው። ግን በዚያ ርቀት አትጨርሱ። በኤአር ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ከ6 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፣ በ25 ሜትር ልክ ያደረጋችሁት ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ወደ ላይ ይመታል። በ50 ሜትር ከጨረሳችሁት ግን ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አስተካክላችሁ ወደ አዋሽ ቆላ ብትወርዱም በ100 ሜትር የሚያሳስብ ለውጥ የለም።

አጠቃቀም

የኋላው ማነጣጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀዳዳ አለው። ትልቁ፣ ወደ 5 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ ለቅርብና ለምሽት ነው፤ ከ2 ሚሊሜትር የሚያንሰው ለሩቅ። ዓይናችሁ የፊተኛውን እንጨት ጫፍ ይያዝ፤ ዒላማው ቢደበዝዝ ግድ የለም፣ የኋላውን ቀዳዳ ደግሞ ጭራሽ አትመልከቱት፣ ዓይን ራሱ መሐሉን ያገኘዋል። ነጥቡ እየሠራ ብረቱንም ካቆማችሁ ሁለቱን ለማጋጠም አትታገሉ፤ አንዱን ምረጡ።

ዝናብ ያገኘው ቀን ማታ ማጠፊያውን አድርቁና ጠብታ ዘይት አድርጉበት። በበጋ ግን ዘይቱን ጥረጉት፤ የዱከም መንገድ አቧራ ዘይት ካገኘ ጭቃ ይሆናል፣ ማጠፊያውም መሐል ላይ ይቀራል።