ስንዴው ጨው ቻለ ወይስ ባልዲው ሸወደን?

ጣና ጨው የለበትም። ባሕር ዳር ዙሪያም የአፈሩ ችግር ጨው አይደለም፤ ጨው የጎዳው ማሳ ማየት የፈለገ መካከለኛ አዋሽ፣ አሚባራ ይውረድ። እኛ እዚህ ሐይቁ ዳር ጨው የሚችል ስንዴ የምንለየው አሸዋ በሞላ ባልዲ ነው፣ ጨዉንም ራሳችን እንጨምራለን። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ ዘሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ባልዲውን ጠይቁት።

ቡቃያው ሁሉ ባንዴ ጠወለገ

ጨዉን በአንድ ቀን ገልብጣችኋል ማለት ነው። እኔም ቅዳሜ አጠጥቼ ሰኞ ገለባ ነበር የጠበቀኝ። ሦስተኛው ቅጠል ብቅ እስኪል ጨው አታሳዩት። ከዚያ በሊትር ውሃ 1.5 ግራም ጨው ያህል ጀምራችሁ በየቀኑ ያንኑ ያህል እየጨመራችሁ 5.8 ግራም ላይ አቁሙ። ካልሲየም ክሎራይድም በሊትር 1 ግራም ያህል ጨምሩበት። ያለሱ የምትፈትኑት ጨው መቻልን ሳይሆን የካልሲየም እጥረትን ይሆናል።

አንዱ ዘር እዚህ ለምልሞ እዚያ ሞተ

ይሄ ነው ሰውን የሚያሳብደው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፀሐይ ነው። በመጋቢት ሙቀት ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ በረንዳው ጫፍ ላይ ያለው ባልዲ ጥላ ውስጥ ካለው ይልቅ በየቀኑ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል። አሸዋው ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ አበቃ። ባልዲውን ከታች ብሱት፣ ሲያጠጡ በደንብ እስኪፈስ አጠጡ፣ የፈሰሰውንም በኢሲ መለኪያ (የውሃን ጨዋማነት በሚለካው መሣሪያ) ለኩ፤ ከምታጠጡት ብዙ ከበለጠ እንደገና እጠቡት። ባልዲዎቹንም ዕጣ አውጥታችሁ ደርድሩ።

ዘሮቹ ሁሉ እኩል ሆኑ

ቸኩላችኋል። ጨው ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። መጀመሪያ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተውና ዕድገቱ ይቀንሳል፣ ይሄ በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ሶዲየሙ የቆዩት ቅጠሎች ውስጥ ተጠራቅሞ ጫፋቸውን የሚያቃጥለው ግን ቆይቶ ነው፣ ልዩነቱም እዚያ ጋ ይወጣል። ሦስት አራት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ የሦስተኛውን ቅጠል ሶዲየምና ፖታሲየም አስለኩ። በጨው ውሃ በቀለ ብላችሁ ብቻ ዘር አትምረጡ፣ ጥሩ የበቀለ ሁሉ በኋላ አይጸናም።

የዳቦው ስንዴ ቆመ፣ የፓስታው ወደቀ

ይሄ ስህተት አይደለም። የዳቦ ስንዴ ሶዲየም ወደ ቅጠሉ እንዳይገባ የሚከላከል ጂን ዲ ከሚባሉት ክሮሞሶሞቹ በአንዱ፣ በ4ዲ ላይ አለው፣ የፓስታው ደግሞ ዲ ክሮሞሶም የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ፓስታን ከፓስታ ጋር አወዳድሩ። ማዳቀል ያሰበ ካለ ሶዲየምን ከቅጠሉ የሚያርቁት ናክስ1 እና ናክስ2 የተባሉት ጂኖች ከጥንት ዘመዱ ወደ ፓስታ ስንዴ የገቡት በማዳቀል ነው።

አጭሩ ዘር ተሸናፊ መሰለ

ምናልባት ተፈጥሮው አጭር ነው። እያንዳንዱን ዘር ጨው ከሌለው የራሱ ባልዲ ጋር በመቶኛ አነጻጽሩት። ፈተናውን ያለፉትን ዘሮች ወደ አዋሽ ስትልኩ አንድ የታወቀ ዝርያ አብራችሁ ላኩ፣ እዚያ ሙቀቱ ብቻውን ስንዴ ይጥላል።