ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ሲቪ የሚያሳትመውም መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዘውም ፍላሹን የሚሰካው እዚያው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያ ኮምፒውተር ቫይረስ ካለበት ተራ በተራ ሁሉም ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። የቤት ኮምፒውተር ጥበቃ ከፍላሹ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርጎ ከስልክ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቴሌግራም መላክ ነው። በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ግን የራስዎን ኢሜይል ወይም ቴሌግራም አይክፈቱ።

ፍላሽ ይዘው ከሄዱ፣ ቤት ሲመለሱ ከመክፈትዎ በፊት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርገው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው አንቲቫይረስ፣ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር፣ ስካን ያድርጉት። ፎልደሮችዎ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው፣ 1 ወይም 2 ኪሎ ባይት የሚሆኑ ምልክቶች ካዩ ሾርትከት ቫይረስ ነው። አይክፈቷቸው። ቀስቱን ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚነሳው ቫይረሱ ነው፤ ፎልደሩም አብሮ ስለሚከፈት ብዙ ሰው መያዙን ሳያውቅ ይቀራል።

ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ»ን ያብሩ። አሁንም ካልታዩ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ገብተው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ደብዘዝ ብለው የሚታዩት እውነተኞቹ ፎልደሮች ናቸው። ኮምፒውተርዎ ላይ አዲስ ፎልደር ፈጥረው የሚያውቋቸውን ሰነዶች ብቻ ወደዚያ ኮፒ ያድርጉ፤ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርገው ያነሱትን ምልክት ይመልሱ።

ፎርማት የተደረገው ፍላሽ ላይ ሾርትከቱ ተመልሶ ከመጣ ቫይረሱ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሥራዎን ሴቭ አድርገው በ«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ከ«ስካን ኦፕሽንስ» የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን ያስጀምሩ። ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ መደበቂያ ያጣል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው።

ሌላው መግቢያ ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የሚያደርግ፣ አክቲቬተርም የሚባል ፋይል ማለት ነው። ፕሮግራሙን ለመጫን «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ማንኛውም አክቲቬተር ይቅርብዎ። ዊንዶውስ ያስጫኑት ሰው ቤት ከሆነ አንድ ነገር በዓይንዎ ይዩ፤ በዲፌንደር ሴቲንግ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል ዝርዝር አለ። እዚያ የተጻፈ ፎልደር አይፈተሽም። ሲ ድራይቭ ሙሉውን ሰፍሮ ካገኙት ዲፌንደሩ በርቶም እየሠራ አይደለምና ወዲያው ይሰርዙት።

አፕዴት ዳታ ይበላል ተብሎ አይዘጋም፤ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማስጨረስ ይቻላል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ፣ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 ያሳድጉት።

የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ ኮፒው እንዳለቀ ዲስኩ ይነቀል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፋልና።