ማርሚታ ከተቀየረ በኋላ የሚመጡ ጣጣዎች

የሞተር ሳይክልን ኦሪጅናል ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አውልቆ ድምፁ ወፈር ያለ መግጠም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ይተኩሳል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ቧንቧው ቀለሙን ይቀይራል። ሰው ያኔ ማርሚታውን ይረግማል፤ ሻጩንም ጭምር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሁለት ቦታ አይዘልም። ወይ መገጣጠሚያው አየር ያስገባል፣ ወይ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር በድሮው ማርሚታ ልክ እንደተስተካከለ ቀርቷል። የማወራው በዋናነት ካርቡራቶር ስላላቸው ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ነው፤ እንደ ቦክሰር፣ ፑልሳርና አፓቼ ያሉት።

ነዳጅ ሲለቀቅ ይተኩሳል

ቁልቁለት ላይ የነዳጅ እጀታውን ስትለቁ ከኋላ «ጧ! ጧ!» ካለ ካርቡራቶሩን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ቧንቧው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋር የሚገናኝበትን እዩ። እዚያ በቀጭን ክፍተት አየር ከገባ፣ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ቧንቧው ውስጥ አየር ያገኝና ይፈነዳል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡና አስነሱ። አረፋ ከወጣ ያስተነፍሳል። ዙሪያውን ጥላሸት ከያዘ ደግሞ ሳሙናም አያስፈልገውም።

መፍትሄው አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ክፍተቱን የሚደፍነው ቀለበት ነው። ዋጋው ይህን ያህል አይደለም፤ ግን «ይቺማ ደህና ናት» እየተባለ አሮጌው ይመለሳል። አንዴ የተጨፈለቀ ቀለበት ሁለተኛ ክፍተት አይሞላም። ሌላም አለ። አሮጌው ቀለበት ከጥላሸቱ ጋር ተጣብቆ የቴስታታው አካል ይመስላል። መካኒኩ ሳያየው አዲሱን በላዩ ይደርብበታል። ስለዚህ በባትሪ አብሩና ጠርዙን በቀጭን ሹል ነገር ፈልጉት። ቀለበት ከሆነ ጫፉ ይነሳል።

ስትገጥሙ ሁሉንም ብሎን በእጅ ብቻ አስይዙ። ከዚያ ከቴስታታው ጀምሩ። ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። የኋላው ማሰሪያ መጨረሻ ነው። ኋላውን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ቧንቧውን ወጥሮ ነው የሚገጥመው፤ ማርሚታው ውሎ አድሮ ማሰሪያው ጋ ይሰነጠቃል። ሞተሩ አንዴ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁሉንም ደግማችሁ አጥብቁ።

አየር የሚገባበት ከሌለ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሲዞር) ነዳጅ አንሶት ሊሆን ይችላል። ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን የድብልቅ ማስተካከያ ብሎን ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና አዳምጡ። አቅጣጫው ብዙ ሰው ያሳስታል። ብሎኗ በሞተሩ በኩል ከሆነች ስትላላ ነዳጁ ይበዛል። በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነች ደግሞ ስትጠብቅ ነው። ለማንኛውም፣ ክፍት (ጭሱን ብዙም የማያግድ) ማርሚታ ላይ አልፎ አልፎ ትንሽ ቢተኩስ አትጨነቁ።

ድምፁ አደገ፣ ጉልበቱ ቀነሰ

ጋራዥ ውስጥ «ሞተር ከኋላ ግፊት ይፈልጋል» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም። የሚፈልገው የጭሱን ፍጥነት ነው። ፈጥኖ የወጣ ጭስ ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ ቦታ ትቶ ይሄዳል፤ ያም ቀጣዩን ጭስ ይስበዋል። ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይለግማል። የኦሪጅናሉን ሆድ ዕቃ አስወጥቶ ባዶውን ያስበየደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። መፍትሄው የውስጥ ስፋቱ ለኦሪጅናሉ የሚቀርብ ቧንቧ መምረጥ፣ ወይም ጫፉ ላይ የምትገባውን ድምፅ መቀነሻ መመለስ ነው።

ሻጭ የፈለገውን ቢል፣ 150 ሲሲ ሞተር ላይ ማርሚታ ብቻ መቀየር የሚያመጣው ለውጥ በጆሮ እንጂ በጎማ አይታወቅም። በእርግጠኝነት የምታገኙት የክብደት ቅናሽ ነው፤ እሱም አዲሱ ቀለል ያለ ከሆነ።

ቧንቧው ሰማያዊ ሆነ፣ ሞተሩ ይግላል

እዚህ ላይ ካንዴላው (ድብልቁን የሚያቀጣጥለው የእሳት መስጫ) ይናገራል። ጥሩ መንገድ ላይ ነዳጅ ሰጥታችሁ ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፤ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ማኪያቶ ከመሰለ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ከሆነ አንሶታል፤ የሙቀቱም ምንጭ እሱ ነው። ነጭ ካንዴላ ይዞ በሙሉ ነዳጅ መንዳት ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል።

የእኛ አገር ነገር ግን የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲተያይ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል። በዚህ ላይ ክፍት ማርሚታ ሲገጠም ድብልቁ ወደ ልኩ ይጠጋል፣ ሞተሩም ነቃ ይላል። ባለቤቱ «ማርሚታው ጉልበት ጨመረልኝ» ይላል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። 1,000 ሜትር አካባቢ ሲደርስ አየሩ ወፍሯል፤ ያው ሞተር አሁን ነዳጅ አጥሮት ይግላል፣ ይተኩሳል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ካንዴላውን ሳታዩ ትልቅ ጄት (ካርቡራቶር ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ) አትግዙ። ድሬዳዋ ወይም አፋር የምትመላለሱ ከሆነ ግን ዋናዋን ጄት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ ካንዴላውንም እዚያው ቆላ ላይ ፈትሹ። ደጋ ስትመለሱ ጭሱ ትንሽ ቢጠቁር ፒስተን ከማቅለጥ ይሻላል።

ቀሪዎቹ

ጠዋት ከማርሚታው ውሃ ከተንጠባጠበ ጤነኛ ነው፤ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ማርሚታውን አትክሰሱ። ድምፁ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሻከረ ከሄደ ውስጡ የታጨቀው ፋይበር አልቋል፤ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ አዲስ ይሞላል። ካርቡራቶር የሌላቸው ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ቧንቧው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አላቸው። አዲሱ ቧንቧ ለሴንሰሩ ቦታ ከሌለው ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ሊበራ ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን እዩ።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞተር ያለ ከተማው ልዩ ፈቃድ አይነዳም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከሦስት መንገድ ማዶ የሚሰማ ማርሚታ ይዞ ትራፊክ ፊት ማለፍ ምን እንደሚጠቅመው አይገባኝም። ኦሪጅናሉን ደግሞ አትሽጡት። ዘይት ቢጤ ቀቡና በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ሞተሩን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።